ስልሳ መሆን ሲገባው ዘጠና

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ይዞሃል፣ ያ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያኮርፈው ቀኙ? መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ አሁንም ቤቱን ሙሉ ታምሳለህ? ሳልህስ ለቀቀህ? እማዬስ የግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለች ትዘለዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ንዴቱን ሳልቆጥር ነው፤ ንዴቱ ከተቆጠረ አልጋ ይዣለሁ ማለት ይቻላል።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ አነበብኩት። ቆሜ ሳነበው ልቀደው ምንም አልቀረኝም፤ ተቀምጬ ሳነበው ግን ጽሑፍህ መንቀጥቀጡን አየሁና አንጀቴን በላኝ። «አለቃሽ ደውሎልኝ ነበር፤ በእጄ ያደገ ልጅ ነው፤ ይቅርታ ጠይቂውና ፈርሚለት፤ ያጎረሰሽን እጅ አትንከሺ፤ ዝም አይነቅዝም» ብለሃል። አለቃዬ ከብት ማዳቀልን ካንተ መማሩን መቼም አልረሳውም፤ በየሳምንቱ እሱ ራሱ ያስታውሰኛል። ችግሩ የነገረህ ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው። ቀሪውን ከኔ ስማ። ከዚያ በኋላም ከተቆጣህ ግድ የለም፣ ቢያንስ ነገሩን ሙሉውን አውቀህ ትቆጣለህ።

አልፈርምም። ይህን ከአሁኑ ልንገርህ፤ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ «ትፈርም ይሆን?» እያልክ እንዳትጨነቅ።

አንተ በሞተር ሳይክል በየበረቱ እየዞርክ ትሠራው የነበረውን እኛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንሠራዋለን። ጠዋት ጠዋት ከቄራው የታረዱ ላሞች የእንቁላል ማፍሪያ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ በቴርሞስ ይመጣልናል። እንቁላሎቹን በመርፌ እንቀዳለን፣ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አንድ ቀን እናበስላቸዋለን፣ ከዚያ የኮርማውን ዘር ጠብ እናደርግባቸዋለን። በሰባተኛው ቀን ጽንሱ ይደርሳል፤ በቀጭን ቱቦ ተቀድቶ ወደ ሌላ ላም ማህፀን ይገባል። ክፍላችን መስኮት የለውም። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሽቶ የተቀባ ከደጅ ይመለሳል፣ ጮክ ብሎ የሚያወራም በዓይን ይገረፋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጬ ጥሩውን ጽንስ ከመጥፎው በዓይኔ ስለይ ኖርኩ። እንደምለይም እርግጠኛ ነበርኩ።

ጥፋቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ይህን ነግሮሃል፤ እዚህ ላይ አልዋሸም። ባለፈው ዓመት የመጣልን የኮርማ ዘር ሰነፍ ሆነና ከመቶ እንቁላል ሃምሳው እንኳ አልከፈል አለን። መከፈል ማለት አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ወደ ጽንስነት መንገድ መጀመሩ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ እምቢ የሚል ነገር አልወድም። የዘሩን መጠን እጥፍ አደረግሁት። በማግስቱ ስናይ ከመቶ ሰማንያ አንዱ ተከፍሏል። አለቃዬ ቁጥሩን ኮሪደሩ ላይ ባለው ሰሌዳ በቀይ ጻፈው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ስሜ ቀርቶ «እጀ ወርቅ» ተባልኩ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽህ? ላንተም ጻፍኩልህ። ደብዳቤዬን ለጡረተኛ ጓደኞችህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ እንዳነበብክላቸው እማዬ ነግራኛለች።

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለኔ ኖሯል። ዘሩ ሲበዛበት አንዱ እንቁላል በአንድ ዘር ፋንታ ሁለት ያስገባል፤ አንዲት ሙሽራ በአንድ ቀን ሁለት ባል እንዳገባች ቁጠረው። ሁለት ባል ያገባውም እንቁላል ይከፈላል፣ ያምራል፣ ያድጋል፣ ሰሌዳው ላይም አብሮ ይቆጠራል። ጉዱ የሚወጣው ማህፀን ከገባ በኋላ ነው።

ላሟ ሳትይዝ ስትቀር ወይም ስታስወርድ ለባለቤቷ የምንሰጠው ቅጽ አለ። «ምክንያት» ከሚለው ሥር ሦስት ሣጥን አለው፦ የመኖ ጉድለት፣ በሽታ፣ መካንነት። ሦስቱም ጥፋቱን ወስደው ባለላሟ ደጅ ላይ የሚጥሉ ናቸው። «ጽንሱ ብልሹ ነበር» የሚል አራተኛ ሣጥን የማተሚያ ቀለም አልደረሰውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛም ዓመት ሙሉ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ምልክት እያደረግን ሰው ስናሰናብት ከረምን። እኔ ራሴ ስንቱን እንዳሰናበትኩ አላውቅም።

የዛሬ ወር ገደማ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ላሟን በገመድ እየሳበች ግቢያችን በር ላይ ደረሰች። ጥበቃው ላም አይገባም ይላል፣ እሷ ላሜ ካልገባች አልመለስም ትላለች። ከምሳ ስመለስ ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። ለጥቁሯ ላም ሦስት ጊዜ ጽንስ አስገብተናል፤ ሁለቴ አልያዘችም፣ በሦስተኛው በሁለት ወሯ አስወርዳለች። ቅጹ ላይ መካንነት ተብሎ ተሰጥቷታል። ሴትየዋ ነጭ ጋወኔን ስታይ ጥበቃውን ትታ ወደኔ ዞረች።

«አምስት ወልዳለች» አለችኝ። «እናንተ ዘንድ ሳልመጣ አምስት ወልዳለች። መካን የሆነችው ከናንተ ወዲህ ነው። ምን እንዳስገባችሁባት ንገሩኝ።»

ቢሮ ሄደሽ አመልክቺ ብያት ገባሁ። ከኋላዬ ለጥበቃው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ስትለው ሰማኋት። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ እንጂ ሥራ አልሠራሁም፤ አምስት የወለደች ላም እንዴት በአንድ ዓመት መካን ትሆናለች እያልኩ ዋልኩ። በማግስቱ ማንም ሳያዘኝ መቁጠር ጀመርኩ።

ምን እንደሚቆጠር ላስረዳህ። በላም ገላ ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ሕዋስ ክሮሞዞም የሚባሉ ስልሳ ጥቃቅን ዘንጎች አሉ፤ ሠላሳው ከእናት፣ ሠላሳው ከአባት። የጥጃዋ መልክ፣ የልቧ አቀማመጥ፣ የእግሯ ርዝመት ሁሉ የተጻፈው እነሱ ላይ ነው። ለመቁጠር ጽንሱን መስታወት ላይ አፍርሶ፣ ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። የተቆጠረ ጽንስ አይተርፍም፤ ማንም የማይቆጥረውም ለዚሁ ነው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ጋን ውስጥ ቀዝቅዘው ከተቀመጡት ሃምሳ አምስት ጽንሶች ሃያ አራቱን አወጣሁ። ሁሉንም እኔው ራሴ «አንደኛ ደረጃ» ብዬ ፈርሜባቸዋለሁ። ዘንጎቹ እንደ ተደፋ ክብሪት ተበታትነው ይታያሉ። የመጀመሪያውን ቆጠርኩ፤ ዘጠና። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ዘጠና፤ ሠላሳው ከእናት፣ ስልሳው ከሁለት ባል። ሁለተኛው ስልሳ፣ ደህና። ሦስተኛው ግማሹ ሕዋስ ስልሳ፣ ግማሹ መቶ ሃያ። አራተኛው ደግሞ ዘጠና። መቁጠሩና እያንዳንዱን ፎቶ ማንሳቱ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከሃያ አራቱ አሥራ አንዱ ብልሹ ሆነው ተገኙ። አባዬ፣ አሥራ አንዱም ሲያዩዋቸው ቆንጆዎች ነበሩ።

ፎቶዎቹን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሲያያቸው ፊቱ አልተለወጠም፤ ካንተ የተማረ ሰው ነውና የሚያየውን ያውቃል። ማን ቁጠሪ አለሽ አለኝ። ማንም አላለኝም አልኩት። ከዚያ ለስለስ አለ። ተፈጥሮም እኮ በራሷ ታበላሻለች፣ በሜዳ የተጠቃችውም ላም ታስወርዳለች፣ እኛ ቁጥሩን እናብዛ፣ መምረጡን ለማህፀን እንተወው አለኝ። የከፋው ነገር ይህ አባባሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። ማህፀን ይመርጣል። ሲመርጥ ግን ቅጹ ላይ መካን ተብላ የምትጻፈው ላሟ ናት፤ ዓመቱ በከንቱ የሚያልፍባት ባለቤቷ ናት። ይህን ስነግረው ውሻም በበላበት ይጮኻል አለኝ። እኔስ ሌላ ምን አደረግኩ፣ በበላሁበት እየጮኽኩ አይደለም ወይ አልኩት።

ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። «ቆጠራው በቀለም ጉድለት የተነሳ የተሳሳተ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የኔ ስም ተጽፎ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ብፈርም የተረፉት ሠላሳ አንድ ጽንሶች በተከታዩ ሐሙስ ላሞች ውስጥ ይገባሉ፣ እኔም እጀ ወርቅ ሆኜ እቀጥላለሁ። ባልፈርም ጥፋቱ በኔ ስም ይመዘገባል።

«ራስሽን ነው የምታጋልጪው» አለኝ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አልኩት። «ላሚቱ እንደሆነች በኔ ፋንታ ተጋልጣ ጨርሳለች።»

ለሐሙስ የተመዘገቡት ባለላሞች ስልክ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ፣ ከዚያች ቀይ ቁጥሬ አጠገብ ተለጥፏል። ሃያ ስድስት ሰዎች ናቸው። ዝርዝሩን ገልብጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና አንድ በአንድ ደወልኩ። ጽንሱ አስተማማኝ አይደለም፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፣ ሐሙስ ላሞቻችሁን አታምጡ አልኳቸው። አንዱ አመሰገነኝ። አንዷ ሰምታኝ ስትጨርስ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አንድ ሽማግሌ ጠጥተሽ ነው ወይ ልጄ አሉኝ፤ አልጠጣሁም ስላቸው ታዲያ ለምን ራስሽን ትሰድቢያለሽ ብለው አዘኑልኝ። አራቱ ግን አላመኑኝም፤ ነጭ የለበሰ ሰው አይሳሳትም ብለው ሐሙስ ከነላሞቻቸው መጡ። ያለኔ ፊርማ ጽንስ ከጋኑ አይወጣምና ላሞቹ እንደመጡ ተመለሱ። እኔም በዚያው ቀን ከሥራ ታገድኩ። እጀ ወርቅ ሲለኝ የነበረው አለቃዬ የመግቢያ ካርዴን በሁለት ጣቱ፣ እንደሚያቃጥል ነገር ይዞ ተቀበለኝ።

የጥቁሯ ላም ባለቤት ግን ለሐሙስ አልተመዘገበችም፣ ስልክም የላትም። ቅዳሜ አድራሻዋን ከቅጹ ላይ ገልብጬ ቤቷ ሄድኩ። በረቱ ተጠርጎ ባዶውን ቆሟል፣ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ላሟ ከተሸጠች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የሄደችው ቄራ ነው፤ እኛ በየጠዋቱ ቴርሞስ የምንቀበልበት ያው ቄራ። እንቁላሏ የኔው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ይሆናል፤ ደርሶ ከሆነም በመርፌ ስቀዳው አላወቅኋትም። ይህን ለሴትየዋ አልነገርኳትም። ላንተ የነገርኩህ ብቻዬን መሸከሙ ስለከበደኝ ነው።

ለሷ የነገርኳት ላምሽ ደህና ነበረች፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ከኛም የኔ ነው ብዬ ነው። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። እሷ ግን ዞር ብላ የባሏን ወንድም ከጓሮ ጠራችው። ለካ ላሟ ባስወረደች ጊዜ ነገሩ ሁሉ በሷ ተላክኮ ኖሯል። እጇ ለከብት አይሆንም፣ የነካችው አይረባም ተብላ፣ የወንድምየው ሚስት ጥጆቿን እንዳትነካባት ከልክላታለች። «ያልሽኝን ለሱ ድገሚለት» አለችኝ። ደገምኩለት። አልሰማም፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው አለችኝ። በአጥሩ ማዶ ያሉት ቀና እስኪሉ ድረስ ደገምኩት። ይቅር አላለችኝም፣ ተቀመጪም አላለችኝም። እስከ በሩ ግን ሸኘችኝ።

የፊታችን ረቡዕ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ የአለቃዬ ወዳጆች፣ አንዱ እንቅልፋም፣ አንዷን አላውቃትም። ፎቶዎቹን ሁሉ ይዤ እገባለሁ፣ ቁጠሩ እላቸዋለሁ፤ ቆጥረው ስልሳ ካገኙ በእጄም በእግሬም እፈርማለሁ። ቅጹም አራተኛ ሣጥን ይታተምለት እላለሁ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። የእንጀራ ገመድሽን በገዛ እጅሽ አትበጥሺ ላልከኝ፣ ልክ ነህ፣ መበጠሱ አይቀርም። አዎ፣ እፈራለሁ። ሌሊት የማልተኛው ግን ስለ ሥራዬ አይደለም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን ስዞር እንደቆየሁ ታዝበህ ይሆናል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ሞተርህ ላይ ከኋላህ አፈናጥጠህ ይዘኸኝ ትዞር ነበር፣ የጓንቱን ቦርሳ አስታቅፈኸኝ። ዘር የምታስቀምጥበት ጋን ናይትሮጅኑ የዘገየበት ወር ትዝ ይልሃል? አንድ ጠዋት መለኪያ ዘንጉን ወደ ጋኑ ሰደድከው፤ ስታወጣው ነጭ ውርጭ አልነበረበትም። ውርጭ ከሌለ ዘሩ ሞቷል ብለህ ያስተማርከኝ በዚያው ሳምንት ነበር። ዘንጉን አየኸው፣ እኔን አየኸኝ፣ ከዚያ ክዳኑን ከድነህ ሞተሩን አስነሳህ። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብህና አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሞተ ዘር ስታዳቅል ሰነበትክ።

በዚያ ሰሞን ካዳቀልካቸው አንዷ የታችኛዋ ጎረቤታችን የእትዬ ግንባረ ቦቃ ላም ነበረች፣ ሦስት ጥጃ የወለደችው። በሃያ አንድ ቀኗ ላሟ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ እትዬ አስጠራችህ። ያኔ ናይትሮጅኑ መጥቶ ነበር። ደህናውን ዘር ብትሰጣት ትይዝ ነበር፤ ከያዘች ግን የፊተኛው ለምን ሳተ ልትባል ነው። አንተ ካርዷን ተቀበልክና «መካን» ብለህ ጻፍክበት። ብዕሩን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። ላሟ በወሩ ተሸጠች። እትዬም እጇ ለከብት አይሆንም ተባለች፣ ከዚያ ወዲህ በቤቷ ጥጃ አልታሰረም። አንተም ከዚያ ወዲህ በሯ ጋ ስትደርስ ሞተርህን አጥፍተህ በእግርህ እየገፋህ ታልፍ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ትለን ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉም ትንፍሽ አላልኩም።

ይህን የጻፍኩልህ ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። የማውቀውን ሁሉ፣ መቁጠርንም ጭምር፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ የምኮራበትም አባት አንተው ነህ። ግን ዝም አይነቅዝም አልከኝ። ይነቅዛል አባዬ፤ ቤታችን ውስጥ ሲነቅዝ አይቼ ነው ያደግኩት። የኔ ጥፋት ነው ማለትን እንደ ሞት ስንፈራው እንኖራለን እንጂ ሰው አይገድልም። ሃያ ስድስት ጊዜ በስልክ፣ አንዴ በአካል ብዬዋለሁ፤ ይኸው እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ። ስለዚህ አለቃዬ እንደገና ቢደውልልህ ልጄን ለምኛት እምቢ አለች በለው። ከማን እንደወጣች አላውቅም ካልከው ግን እቀየምሃለሁ።

እማዬን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፤ መድኃኒቷን ፊትህ ትዋጥ፣ ምላሷን ገልጠህ እይ። አናጢው ወንድሜን ሰላም በለው፤ የገዛ ቤቱ በር ዘንድሮም አይዘጋም አሉ፣ የደንበኞቹን ጨርሶ ወደ ራሱ ይምጣ። ሚስቱን ስለ ላከችልኝ ሹራብ አመሰግናታለሁ፤ እጅጌው ረዝሟል፣ እኔ ግን እንዲህ ነው የምወደው ብላለች በላት። መንታዎቹን አንተን ከመሰለው ጀምረህ በተራ ሳምልኝ፣ አለበለዚያ ይጣላሉ። አክስቴን ደህና ነች በላት፤ ስለ ሥራዬ ከጠየቀችህ እውነቱን ንገራት፣ እሷ ካወቀች አገር ያውቃል፣ እኔም ሰልችቶኛል መደበቅ።

እትዬንም ሰላም በልልኝ። ሰላምታውን በሰው አትላክባት፣ ራስህ ሄደህ በሯን አንኳኩ። ላሟ መካን እንዳልነበረች ካንተ አፍ ትስማ። ዕድሜዋ እየገፋ ነው፣ ያንተም እንደዚሁ። እስክመጣ ድረስ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ አባዬ፣ ለዚያ አታድርሰኝ።

የምትወድህ እልኸኛዋ ልጅህ

ከቄራው ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን